የሙሴ ያኒ ወይን መርዶ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለበትም፤ የተዘረፈም፣ የታሰረም የለበትም። እኛ ጆሃንስበርግ የኖርን ሰዎች ከዚህ የከበደ ስንት ጉድ አለን፤ ሱቁ የተቃጠለበት፣ ወንድሙን እዚሁ የቀበረ ከመካከላችን ሞልቷል። የእኔ ታሪክ ስለ አንድ የወይን ግንድ ነው። ሰው ፊት ባወራው "ለዚህ ነው እንዴ?" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ቢሆንም በዚህ ዓመት፣ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የጂኦግራፊ ተማሪ ሆኛለሁ፤ ነገሩም ሳላስበው ክፍል ውስጥ ፊቴ ላይ መጣ።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። መምህራችን ዝናብ በሌለበት አገር ስለሚታረስ እርሻ ስታስተምር አንድ ፎቶ ግድግዳው ላይ አሳየችን። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ዐመድ ይመስላል። ዛፍ የለም፤ ወንዝ የለም። የወፍ ጎጆ የሚመስሉ ክብ ነገሮች መሬቱ ላይ ተበትነዋል። "ይህ ምን ይመስላችኋል?" ብላ ጠየቀች። ልጆቼን ከሚያክሉት ተማሪዎች አንዱ "አሮጌ ጎማ" ብሎ አሳቀን። እኔ እጄን አወጣሁ። "ወይን ነው" አልኩ። "አገሩ ሳንቶሪኒ የምትባል የግሪክ ደሴት ነች። ንፋሱ ኃይለኛ ስለሆነ ሐረጉን እንደ ቅርጫት መሬት ላይ ይጠመጥሙታል፤ ዘለላው ቅርጫቱ ውስጥ ተሸሽጎ ያድጋል። የሚያጠጣውም ሌሊት ከባሕር የሚመጣው ጉም ነው።" መምህሯ ደስ አላት። "ሄደህ አይተኸዋል?" አለችኝ። "አንድ ግንድ አይቻለሁ" አልኩ። በኋላ ስለዚያው እርሻ አራት ገጽ ጽፌ ጥሩ ውጤት አገኘሁ። ወረቀቱ ላይ ያላስገባሁትን ነው ለማኅበራችን መጽሔት እዚህ የምጽፈው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ የመኖሪያ ወረቀቴም ገና ያልደረሰ። ከስልጤ የመጣን አራት ልጆች ቤዝ ቫሊ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሌሎቹ ማልደው በታክሲ ዳቬይተንና ካትሌሆንግ ይሄዳሉ፤ አልጋ ልብስና መጋረጃ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው፣ በየበሩ በዙሉኛ "ሳውቦና ማማ" እያሉ ሰላምታ እየሰጡ፣ ሎኬሽን የሚባለውን የጥቁሮች ሰፈር ሲዞሩ ይውላሉ። እኔ እግሬን ታምሜ ስለነበር መዞሩን ትቼ ከሰፈራችን ጥግ ያለ የአንድ ግሪክ ካፌ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። እዚህ አገር ካፌ የሚሉት ሻይ ቤት አይደለም፤ ዳቦ፣ ወተት፣ ጋዜጣና ሲጋራ በፍሬ የሚሸጥበት የጥግ ሱቅ ነው። ዳቦ ሦስት ራንድ ነበር። ግማሽ ዳቦ ተቦርቡሮ በድንች ጥብስና በአንድ ቁራጭ ሞርታዴላ የተሞላ እንደሆነ አራት ራንድ ከሃምሳ ሳንቲም፤ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ልጆቹ ለእሱ ይሰለፉ ነበር። በሩ ላይ የሚቆመው ታክሲ ሙዚቃ መስኮቱን ያንቀጠቅጠዋል። ውስጥ ደግሞ የባለቤቱ ካሴት አለ፤ አንዲት ሴት በግሪክኛ እያለቀሰች የምትዘፍንበት፣ ከመሰማቱ ብዛት መሐሉ ላይ የሚንተባተብ። ዛሬ በዚያ ጥግ ሳልፍ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ናቸው ያሉት፤ የጓሮው መሬትም ሲሚንቶ ለብሷል። ሲሚንቶው ላይ መኪና ቆሞ ሳይ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ባለቤቱን ሙሴ ያኒ እላቸው ነበር። አባቴ ገበያ ላይ የሚያያቸውን የድሮ ግሪክ ነጋዴዎች "ሙሴ" ይላቸው ስለነበር ከእሱ ወረስኩት፤ እሳቸውም ወደዱት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ክረምት ከበጋ ሰማያዊ የሥራ ካፖርት ይለብሳሉ፤ ደረት ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ የመግረዣ ቢላዋ አለች። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። የሁለታችንም እንግሊዝኛ እኩል የተሰባበረ ስለሆነ ጥሩ ተግባባን። ከገንዘብ መሳቢያው በላይ የደሴታቸው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ነጫጭ ቤቶች ገደል አፋፍ ላይ፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከታች ባሕር። ደንበኛ "እንዴት ያምራል!" ሲል ሙሴ ያኒ ይናደዳሉ። "ይሄ ለመርከብ መንገደኛ ነው" ይላሉ። "ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያዩ ይመጣሉ። ፀሐይ እዚህስ አትጠልቅም? የእኛ እርሻ ከዚህ ቤት በስተጀርባ ነው፤ ማንም ፎቶ አያነሳውም።" ከዚያ ደንበኛው እስኪሰለች ያወሩታል፦ እሳተ ገሞራ የተፋው አፈር፣ ውሃ ሳይጠጣ የሚያፈራ ጣፋጭ ትንሽ ቲማቲም፣ ቢጫ ክኩ፣ በገደሉ ደረጃ ሸክም የሚወጡ አህዮች፣ ነሐሴ ላይ ወገብ የሚቆርጠው የወይን ለቀማ። አባታቸው የተከሉት ሳይሆን የአባታቸው አያት የተከሉት ወይን ነው። ግንዱ ሲያረጅ ከሥሩ ይቆርጡታል፤ ከዚያው ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል።

ከዚያ እርሻ አንዲት ቁራጭ በወጣትነታቸው ይዘው መጥተው ጓሮው ጥግ ተክለዋታል። አሸዋና የድንጋይ ከሰል ዐመድ በብዙ ድካም ፈልገው፣ አፈሩን የአገራቸውን አስመስለውታል። እንደዚያው መሬት ላይ ጠምጥመውታል፤ ሦስት ክንድ የሚያህል ቅርጫት። ከድር የሚባል፣ አንድ ክፍል የምንጋራ ልጅ፣ ምላሱ የማያርፍ፣ ያሾፍብኝ ነበር። "የስልጤ ልጅ ሆነህ የወይን ጠጅ ሞግዚት ሆንክ አሉ! አባትህ ይስሙ!" ይለኛል። "ፍሬውን ነው የሚበሉት" ስለው፣ "እሱን ለመላእክቱ ንገራቸው" ይላል።

አንድ ሐምሌ ላይ ለሙሴ ያኒ ወንድማቸው ደወለላቸው። መሬቱን ሆቴል ለሚሠራ ሰው ልሽጥ ነው፤ የአንተም ፊርማ ያስፈልጋል አላቸው። ሙሴ ያኒ በቁጣ ተነሡ። ሱቁን ለእኔ አደራ ሰጥተው ሊሟገቱ ሄዱ። በሚሄዱበት ጠዋት ጓሮ ይዘውኝ ገቡና ወይኑን አሳዩኝ። "ምንም አታድርግለት" አሉኝ። "አትንካው። ውሃም አትስጠው። አትልፋ።"

እዚህ ላይ የእኔን ስሕተት በደንብ ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አገር አንድ ትልቅ ሰው "አትልፋ" ሲልህ ጨዋነቱ ነው፤ አንተም ጨዋ ከሆንክ ትለፋለታለህ። "አይ፣ ጠግቤያለሁ" ያለን እንግዳ አፉ ድረስ እንደምታጎርሰው ማለት ነው። እኔ ደግሞ ሰውየውን ለማስደሰት እሞት ነበር። ሄደው ሳምንት ሳይሞላ ወይኑን ልብ ብዬ ሳየው ቅጠል የለውም፤ እንጨት ብቻ ነው። እዚህ አገር ሐምሌ የብርድ ወር እንደሆነ ባውቅም፣ ወይን በብርድ ቅጠሉን እንደሚያራግፍ ማን ነግሮኝ! እኔ የእንሰት አገር ልጅ ነኝ፤ እንሰት በብርድ ጊዜ ራቁቱን አይቀርም። ታሞብኛል አልኩ። ታዲያ፣ በዐመድና በአሸዋ ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሁን? አባቴ እንሰትን በአንድ ቦታ አያቆየውም ነበር። ከችግኝነቱ ጀምሮ ነቅሎ፣ ሥሩን ከርክሞ፣ ወደተሻለ አፈር ያዛውረዋል፤ ያልተዛወረ እንሰት አይወፍርም ይላል። ስለዚህ አዛወርኩት። ከድር ካትሌሆንግ ካለች አንዲት ደንበኛው ጋር ተነጋግሮ አንድ ጆንያ የዶሮ ኩስ አመጣልኝ። ከቧንቧው አጠገብ፣ ጥቁርና ለም አፈር ላይ ጉድጓድ ቆፈርኩ። ያን ቅርጫት ስነቅለው ሥሩ ማለቂያ አልነበረውም፤ አባቴ እንደሚያደርገው ከረከምኩት። ኩሱን ሞላሁ፤ ውሃ አጠጣሁ። እጄን ታጥቤ ቆሜ ሳየው፣ እግዜር ያውቃል፣ ያን ቀን ያህል በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

ሙሴ ያኒ በየቅዳሜው ወደ ሱቁ ስልክ ይደውሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ "ወይኑስ?" ሲሉኝ "ደህና ነው፣ እየተንከባከብኩት ነው" አልኩ። "እንክብካቤ አይወድም!" ብለው ሳቁ። ነሐሴ አለቀ። አጥር የሚጋራን የፖርቱጋላዊው ጎረቤታችን ወይን አረንጓዴ ጫፍ አወጣ፤ የእኛ ዝም አለ። ጠዋት ጠዋት እንደ በሽተኛ ጠያቂ አጠገቡ እቆማለሁ። በጥፍሬ ቅርፊቱን ስፍቀው ውስጡ ቡናማ ነው። "ከድር፣ ይሄ ነገር ሞቷል መሰለኝ" አልኩት። "አብዝተህ አጉርሰኸው ይሆናል" አለኝ፤ ከዚያ ፊቴን አይቶ ሳቁን ተወ።

መስከረም መባቻ ላይ የደወሉት ግን አይረሳኝም። ድምፃቸው ደክሟል፤ ከኋላቸው ንፋስ ይሰማል። "ሻምሱ፣ የጎረቤታችን ወይን ፈነዳ?" አሉኝ። ሸምሱ ማለት አይሆንላቸውም ነበር።

"ፈንድቷል፣ ሙሴ።"

"የእኔስ?"

መደርደሪያው ላይ የተደረደረውን ሳሙና አየሁ። "የእርስዎማ ይበልጣል" አልኩ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። "እንግዲያው ልፈርም። ወንድሜ ዕዳ ይዞታል፤ ሁለት ወር ተጨቃጨቅን። ነገ ማሽኑ ይገባል፤ ሁሉንም ይነቅለዋል። ከግንዱ አንዲት ቁራጭ ካፖርቴ እጅጌ ውስጥ ደብቄ ላመጣ አስቤ ነበር። አውሮፕላን ጣቢያ ቢይዙኝ በዚህ ዕድሜዬ ውርደት ነው። ለምን ብዬ? የእኔው እዚያ አለ። አንድ ካለ ይበቃል።"

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "በሰላም ይምጡ" ነበር። ፈሪ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ በስልክ አይነገርም ተብዬ ነው ያደግሁት። መርዶ ማልዶ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ሰውየው ከወገኑ መሐል ተቀምጦ ነው የሚነገረው። የራሴን አባት ሞት እንኳ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሁለት ወሩ ነው ያረዱኝ። ስደውል "ደህና ናቸው፣ መስጊድ ናቸው" ይሉኝ ነበር። ያኔ እንደ ደግነት ቆጥሬዋለሁ። ስልኩን ስዘጋም ለሙሴ ያኒ ያን ደግነት ያደረግሁላቸው መሰለኝ።

እሑድ አመሻሹ ላይ ዝናብ ደብድቧቸው ደረሱ፤ ደክሟቸው ጓሮውን ሳያዩ ተኙ። ሰኞ ጠዋት፣ መስከረም ዐሥራ ስምንት፣ ሰማዩ ገና ሲነጋ በራቸው ላይ ሦስት ሆነን ቆምን፤ እኔ፣ ከድርና ሐጂ ሙዘሚል። ሐጂ፣ ጄፒ የሚባለው የንግድ ሰፈር ላይ የብርድ ልብስ ጅምላ ሱቅ ያላቸው፣ የእኛን ሰው ሐዘንና ጠብ ሁሉ የሚይዙ ሽማግሌ ናቸው። ስለምናቸው መጀመሪያ "ለሐረግ መርዶ! እኔን ያየህበት ዓይን!" ብለው ተቆጥተው ነበር። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሲሰሙ ግን ነጭ ቆባቸውን አስተካክለው ተነሡ።

ሙሴ ያኒ በፒጃማ በሩን ከፈቱ። ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን። "ማን ሞተ?" አሉ።

"መጀመሪያ ይቀመጡ" አሉ ሐጂ።

"ሻምሱ፣ ማን ሞተ? ሱቁ ተዘረፈ?"

"ይቀመጡ፣ ወንድሜ። ሰው ይተክላል፤ የሚያሳድገው ፈጣሪ ነው። የሰጠ ጌታ..."

"ፖሊስ መጥቶ ነበር?"

"ወይኑ ነው" አልኩ።

ተቀመጡ። መጀመሪያ ሳቅ ቃጣቸው። ከዚያ "መቼ?" አሉ። በሐምሌ እንደነቀልኩት፣ የት እንደተከልኩት፣ ሥሩን እንዴት እንደከረከምኩ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልፈርም ነው ብዬ ስደውል ሞቶ ነበር?"

"አዎ።"

የቀኝ እጃቸውን አውራ ጣት አንሥተው ተመለከቱት። "ይህን የምታህል ትበቃኝ ነበር" አሉ። "ማሽኑ ሲገባ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጎንበስ ብል ይበቃ ነበር።" ቢጮሁ ይቀለኝ ነበር።

ጓሮ ገብተው ግንዱን በቢላዋቸው ፋቁት። ላዩ ቡናማ፣ ታቹ ቡናማ። ከመሬቱ አጠገብ ሲፍቁት ጥቂት ቆዩ፤ አረንጓዴ ይሁን አይሁን ለማናችንም አልለየንም። ቅርጫቱን ከሥሩ ቆርጠው ግድግዳው ላይ አስደገፉትና የቀረውን ጉቶ በአሸዋ ሸፈኑት። "እኛ ለሞተ ሰው አርባ ቀን እንቆጥራለን" አሉ።

"እኛም እንቆጥራለን" አሉ ሐጂ።

"እንግዲያው አርባ ቀን እንጠብቅ።"

ስንመለስ ሐጂ መንገድ ላይ ተቆጡኝ። "እኔ መርዶ የማረዳው ለሰው ሞት ነው እንጂ! ለዚህ በስልክ ብትነግረው ምን ነበረበት?"

"እርስዎስ የአባቴን ሞት ለምን ሁለት ወር ደበቁኝ?"

"ብቻህን እንዳትሰማ ነዋ። ልናሳርፍህ።"

"በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ካፖርት ገዝቼ ላኩለት፣ ሐጂ። ግራጫ፣ ባለ ገበር፣ መቶ ሰማንያ ራንድ። የትከሻውን ልክ በራሴ ትከሻ ለክቼ።"

ሐጂ ቆሙ። የዳቦ መኪና አለፈን። "አውቃለሁ" አሉ። "ወደ አገር የሚሄደው መንገደኛ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፌ የከተትኩት እኔ ነኝ።" ከዚያ እስከ ጄፒ ድረስ ሦስታችንም በእግር ሄድን።

እነዚያ አርባ ቀናት ረጅም ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ያ የጆሃንስበርግ ነጎድጓድ ይመጣል፣ ይወርዳል፣ ያባራል። ሙሴ ያኒ ዝናቡ ሲያባራ ወንበር አውጥተው ጉቶው አጠገብ ይቀመጣሉ። ሥራዬን አልነጠቁኝም። "ዳቦው መጣ?" ይሉኛል፤ "መጣ" እላለሁ፤ ከዚያ ራሳቸው ሄደው ይቆጥሩታል። ከሁሉም ያ ነው የከበደኝ። በፊት ቃሌን ሰምተው ዞር የሚሉ ሰው አሁን የወተቱን ቀን እንኳ ራሳቸው ያነባሉ። ደንበኛ የቀን መቁጠሪያውን ሲያደንቅ ዝም ማለት ጀመሩ። እኔ ደግሞ ማንም ሳያየኝ አሸዋውን በጣቴ ገለጥ አድርጌ አይና መልሼ አለብሰዋለሁ። አንድ ቀን አረንጓዴ ነገር አገኘሁና ሙሴን ልጠራ ብድግ አልኩ፤ አረም ነበር።

በአርባኛው ቀን ሙሴ ያኒ ሱቁን በእኩለ ቀን ዘጉ። ሐጂንና ከድርንም ጠርተዋቸዋል። ጉቶውን ራሳቸው ነቀሉት፤ ያለ ችግር መጣ። ግድግዳው ላይ የደረቀውን ቅርጫት በእግራቸው እየሰበሩ እሳት አነደዱ። "በእኛ አገር የወይን ግንድ ሲሞት አይጣልም" አሉ፤ "ስጋ ይጠበስበታል።" የበጉን ስጋ ከፎርድስበርግ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነበር የገዙት፤ ሐጂ እንዲያምኑ ወረቀቱን አውጥተው አሳዩዋቸው። ግንዱ ያለ ብዙ ጭስ፣ ደማቅ ሆኖ ነደደ።

የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእኔ ሰጡኝ። ስበላ ዓይናቸውን ከፊቴ አላነሡም።

"እንዴት ነው?" አሉኝ።

ሐጂ በጎን አዩኝ። በትልቅ ሰው ማዕድ፣ ያውም በእንዲህ ያለ ቀን፣ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ እሱን ስመልስ ነው የኖርኩት።

"ጨው በዝቶበታል፣ ሙሴ" አልኩ።

ከእሳቱ ላይ አንድ ቁራጭ አንሥተው ቀመሱ። ቀስ ብለው አኘኩት። "በዝቷል" አሉ። ከዚያ ኪሳቸው ገቡና የሱቁን ቁልፍ አውጥተው ሰጡኝ። "ዳቦው መምጫው ደርሷል፤ ሂድና ተቀበል። ስትመለስ ስንት እንደሆነ ትነግረኛለህ።"

ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን፣ ቅዳሜ ነበር።